መጀመሪያ ጥቁሯ ነጥብ፣ ከዚያ ጫማው፣ ሶሉ በመጨረሻ

ጥያቄ፦ «አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ሐይቅ ከተማ በልብስ ስፌት ይተዳደራሉ። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ 11 ዓመት ሆኗል፤ ኪኒን ይወስዳሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሌሊት ሌሊት እግራቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ቀን ደግሞ ‹ጥጥ የረገጥሁ ይመስለኛል› ይላሉ። በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር ቆዳው ደድሯል፤ መሀሉ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ አለች፤ ግን ምንም አያማቸውም። ደሴ አንድ ሱቅ ውስጥ ማግኔትና ትንንሽ ጉብታዎች ያሉበት የጄል ሶል አይቻለሁ፤ ሻጩ ‹ደም ያዘዋውራል፣ ለስኳር ሕመምተኛ ተብሎ የተሠራ ነው› ብሎኛል። ሌላው ጠንካራና መሀሉ ከፍ ያለ ነው። የትኛውን ልግዛላቸው? ዘወትር በሚያደርጉት የቆዳ ጫማ ውስጥ ማስገባትስ ይቻላል?»

መልስ፦

ከሁለቱ አንዱንም አይግዙ። የሶሉ ጉዳይ ለጥቂት ቀናት ይቆይና አባትዎን በዚህ ሳምንት ውስጥ፣ ቢቻል ነገ፣ ሐኪም ዘንድ ያቅርቧቸው። በጥያቄዎ ውስጥ ያስደነገጠኝ ስለ ሶሎቹ የጻፉት አይደለም፤ በመሀል ጣል አድርገው ያለፏት ጥቁር ነጥብ ናት። የደደረ ቆዳ መሀሉ ላይ ሲጠቁር ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ደም ፈስሷል ማለት ነው። ሥጋው በአጥንትና በመሬት መካከል እየተደቆሰ ነው፤ ላዩ ደረቅና ድፍን ይምሰል እንጂ ውስጡ ቁስል ይዞ ሊሆን ይችላል። ለደነዘዘ እግር ጫማና ድጋፍ በመሥራት የምንኖር ሰዎች ይህችን ነጥብ የምናያት ክዳኑ ያልተከፈተ ቁስል አድርገን ነው።

«ምንም አያማቸውም» የሚለው ሳያጽናናዎት አልቀረም። ትልቁ ስሕተት የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎ እግር ላይ ቢወጣ በሁለተኛው ቀን ያነክሱ፣ በሦስተኛው ቀን ጫማ ይቀይሩ ነበር። አባትዎ ያላነከሱት የሚያስነክሳቸው ነርቭ ሥራውን ስለተወ ነው። ደግሞም «ሌሊት ያቃጥላቸዋልና ስሜት አላቸው» ብለው አይደምድሙ፤ በዚህ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ማቃጠሉ የተጎዳው ነርቭ ራሱ የሚፈጥረው የተዛባ መልእክት ነው። ሌሊት እሳት የሚነድበት የሚመስለው ያው እግር ቀን ምስማር ቢወጋው ላያውቅ ይችላል። «ጥጥ የረገጥሁ ይመስለኛል» ማለታቸው ለእኔ ከብዙ የምርመራ ወረቀት በላይ ይናገራል።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ፍተሻ አለ። አባትዎ ተጋድመው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። እርስዎ በጠቋሚ ጣትዎ ጫፍ የአውራ ጣታቸውን፣ የመሀለኛዋን ጣትና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር በየተራ፣ ሳይጫኑ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ይንኩ። እሳቸው በተሰማቸው ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካመለጧቸው እግራቸውን ከጉዳት የሚጠብቀው ስሜት ጠፍቷል ብለው ይያዙት። ጤና ተቋም ውስጥ ይህንኑ የሚያረጋግጡት በ10 ግራም ጫና በሚታጠፍ የናይለን ክርና ሲመታ 128 ኸርዝ በሚርገበገብ የብረት ሹካ ነው። ስድስቱም ቢሰሟቸውም የጥቁሯ ነጥብ ጉዳይ አይቀየርም፤ መታየት አለባት።

እዚያ ሲደርሱ የደደረውን ቆዳ የሠለጠነ ባለሙያ በስለት ቀስ እያለ ይልጠዋል፤ ከሥሩ ያለው ነገር የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። እርስዎ በምላጭ አይሞክሩት። ቆዳ እንዲያነሣ አሲድ የተቀባ ፕላስተርም አይለጥፉበት፤ ጤነኛውን ሥጋ አብሮ ይበላዋል። እግር ሲታጠብ በድንጋይ መፈግፈግ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በደነዘዘ እግር ላይ ግን «በቃ» የሚል ስሜት ስለሌለ ይተዉት። የደደረ ቆዳ ራሱ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ነው፤ ልዩነቱ ጫማ አውልቆ ማራገፍ አለመቻሉ ነው። መላጡ ብቻውን በዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ጫና በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቶ ታውቋል። ይህ ሁሉ እፎይታ የሚገኘው ምንም ሶል ሳይገዛ ነው።

አሁን ወደ ሶሉ ልምጣ፤ ግን እግሩ ለምን እንደሚቆስል ሳይገባን ስለ ሶል ማውራት አይቻልም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ሦስት ዓይነት ነርቮችን ይጎዳል። ስሜት የሚያደርሱት ሲጎዱ እግር ይደነዝዛል። ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱት ሲጎዱ የእግር ውስጥ ትንንሽ ጡንቻዎች ይሟሽሻሉ፣ ጣቶች ይቆለመማሉ፣ ከጣቶቹ ሥር ያለው የስብ ትራስ ወደ ፊት ይሸሽና አጥንቶቹ ወደ ታች ያገጥጣሉ። ላብን የሚቆጣጠሩት ሲጎዱ ቆዳው ይደርቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል። በቀን 5,000 ርምጃ የሚራመድ ሰው እያንዳንዱን እግር 2,500 ጊዜ መሬት ላይ ያሳርፋል። ጤነኛ ሰው አንዱ ቦታ ሲቆረቁረው ሳያስበው አረጋገጡን ይለውጣል። የደነዘዘው ሰው ግን 2,500ውንም ጊዜ ያችኑ ያገጠጠች አጥንት ይረግጣል።

ይህንን የተማርነው መጀመሪያ ከስኳር ሕመም ሳይሆን ከሥጋ ደዌ ነው። እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፖል ብራንድ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም፣ እግራቸው የሚቆስለው ሥጋቸው በራሱ ጊዜ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ያልተሰማቸው ጫና በአንድ ቦታ ላይ ስለሚደጋገም መሆኑን አሳየ። በኋላም አሜሪካ ካርቪል በተባለ ስፍራ ሲሠራ ያንኑ እውቀት ለስኳር ሕሙማን አዋለው። እኛ ወሎዬዎች ይህን ታሪክ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። ዛሬ ለስኳር ሕመምተኛ የምንሠራው ሶል ለእነዚያ ሕሙማን ከተሠራው ለስላሳ የላስቲክ መርገጫ ካለው ሰንደል የተወለደ ነው። ሁለቱ ሕመሞች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የደነዘዘ እግር የሚቆስልበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ታዲያ የሶል ሥራ ማካፈል ነው። የባቲን ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ከእኔ በተሻለ ይረዳዋል። አህያ የሚገጠበው ጭነቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም፤ ጭነቱ አንዲት አጥንት ላይ ሲያርፍ ነው። አዋቂ ጫኝ ከጭነቱ ሥር የሚያነጥፈውን ሲያዘጋጅ ለስላሳነቱን ብቻ አያይም፤ ክብደቱ በጀርባው ሁሉ ላይ መሰራጨቱንና አከርካሪው ላይ አለመውደቁን ያያል። ጥሩ ሶልም ከተረከዝ እስከ ጣት ከእግሩ ሥር ጋር ገጥሞ፣ በአውራ ጣት ሥር ያለችው አጥንት ብቻዋን የተሸከመችውን ክብደት ለመሀል እግርና ለሌሎቹ ያካፍላል።

ስለዚህ «ሲለሰልስ ይሻላል» የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። በጣት ሲጫኑት ደስ የሚለው ስፖንጅ 70 ኪሎ ሲቆምበት ወዲያው ተጨፍልቆ አጥንቱ መሬቱን ያገኛል። ሱቅ ውስጥ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ሶሉን በአውራ ጣትዎና በጠቋሚ ጣትዎ መካከል አጥብቀው ይጫኑት። አንዱ ጣትዎ ሌላውን እንደነካው ከተሰማዎት ያ ሶል ከአባትዎ አጥንት ሥር ምንም አይሠራም። ጄሉ በዚህ ፈተና ሊያልፍ ይችላል፤ ተረከዙን ለሚያመውና ስሜቱ ላልጠፋ ሰውም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጫማ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ከእግር ቅርጽ ጋር ተስማምቶ አይቀርም፣ ከሥር ካልተያዘ ይንሸራተታል። በእግርና በሶል መካከል ያለ መፈግፈግ ደግሞ ከጫና ያላነሰ ቆዳን ይጎዳል።

ጉብታዎቹን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፦ የደነዘዘ እግር ሥር ጉብታ አይገባም። ሻጩ «እግር ያሻል፣ ደም ያዘዋውራል» ያለው ነገር ለአባትዎ ጫማ ውስጥ ሆን ብሎ ጠጠር እንደ መጨመር ነው። ማግኔቱም የሞተ ነርቭ አያስነሣም፣ የጠበበ የደም ሥር አይከፍትም። «ለስኳር ሕመምተኛ» የሚለው ጽሑፍ እኔን አያሳምነኝም፤ እርስዎንም አያሳምንዎት።

ጠንካራውና መሀሉ ከፍ ያለውስ? ይህ ዓይነቱ የተሠራው እግራቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ስሜታቸው ላልጠፋ ሰዎች ነው። እነሱ ቢቆረቁራቸው ያወልቁታል። አባትዎ አያወልቁትም። ከዚህ የከፋም አለ፤ በስኳር ምክንያት የመሀል እግር አጥንታቸው የፈራረሰ ሰዎች አሉ፣ እግራቸው ወደ ታች ይቆለብጣል። ከሱቅ የተገዛ ከፍታ በዚያ ላይ ሲገፋ መሀል እግሩን ይቀደዋል። የመሀል ድጋፍ መኖሩ መልካም ነው፤ ግን በራሳቸው እግር ልክ የተቀረጸ መሆን አለበት።

የምፈልገው ሶል ይህን ይመስላል። ሙሉ እግርን የሚሸፍን ነው፤ እስከ ጣቶቹ ሥር ደርሶ የሚቆም ሦስት አራተኛ ሶል ጠርዙ ልክ አደገኛው ቦታ ላይ ያልቃል። ቢያንስ ሁለት ንብርብር አለው፦ ላይኛው ከእግሩ ቅርጽ ጋር የሚስማማ ለስላሳ የፖሊኢትሊን ፎም፣ ባለሙያዎች ፕላስታዞት የምንለው፤ ታችኛው ደግሞ ኢቫ የሚባለው፣ የማይጨፈለቅ ጠንከር ያለ ፎም። በመካከል ፖሮን የሚባለው ተመልሶ የሚነፋ ፎም ቢጨመር ይበልጥ ይበጃል። ላዩ ላይ ስፌት፣ እጥፋት፣ የወጣ ጠርዝ የለበትም። ከጣቶች በስተኋላ የምትለጠፍ ትንሽ ትራስ አንዳንዴ በጣም ትጠቅማለች፤ ግን በጥቂት ሚሊሜትር ስትሳሳት ጫናውን ታብሰዋለች፤ ስለዚህ በግምት አትለጠፍም።

የሶል ዓይነት የሚመረጠው በእግሩ ሁኔታ ነው። ስሜቱ ሙሉ ለሆነና የደም ዝውውሩ ደህና ለሆነ የስኳር ሕመምተኛ በልኩ የሆነ ጫማ ይበቃዋል፤ ልዩ ሶል ግዛ ተብሎ ሊጨነቅ አይገባም፤ እግሩን በዓመት አንድ ጊዜ ያስመርምር። ስሜቱ ጠፍቶ የእግሩ ቅርጽ ላልተበላሸ ሰው ከላይ የገለጽሁት ባለ ንብርብር ሶል ተዘጋጅቶ የሚሸጠውም ይሆነዋል። ስሜቱ ጠፍቶ ጣቶቹ የተቆለመሙ፣ አጥንቱ ያገጠጠ፣ በተለይም ከዚህ በፊት ቆስሎ የዳነ ሰው ግን ከራሱ እግር ላይ ቅርጽ ተወስዶ የተሠራ ካልሆነ አይሆነውም። የስኳር ሕመምተኞችን እግር የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን ቆስለው ለዳኑት ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ አንዴ መታየትን ይመክራል፤ ይህ ማጋነን አይደለም። ከዳኑት መካከል 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ።

አባትዎ ከየትኛው ወገን እንደሚመደቡ የሚወስነው ቆዳው ሲላጥ የሚታየው ነገር ነው። ከሥሩ ቁስል ከተገኘ ሶል መፍትሔ አይደለም። የተከፈተ ቁስል የሚድነው ጫናው ፈጽሞ ሲነሣለት ነው፤ ለዚህም የመጀመሪያው ምርጫ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሕመምተኛው ራሱ ሊያወልቀው የማይችል ጀሶ ወይም ቡት ነው። የደም ዝውውሩ ከደከመ ወይም ቁስሉ ከመረቀዘ ሐኪሙ ሌላ መንገድ ይመርጣል። «ሶል አድርጌለት እየተራመደ ይድናል» ብሎ መጠበቅ ብዙ ጣት አስቆርጧል። ሌላም ይወቁ፦ አንድ እግር ድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከሌላኛው ይልቅ ከሞቀ፣ ባያምም እንኳ፣ አጥንቱ መፈራረስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ያን ዕለት መራመድ ቆሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። የቆዳ ጫማው ውስጥ ሶል ማስገባት? አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ለአንዲት እናት በጥንቃቄ የሠራሁትን ሶል በነበራቸው ጫማ ውስጥ አስገብቼ ሸኘኋቸው። ሶሉ እግራቸውን ከታች ወደ ላይ ገፋው፤ የተቆለመሙት ጣቶቻቸው ከጫማው ጣሪያ ጋር ሲፈገፈጉ ሰነበቱ። ሲመለሱ ከሥር የነበረው የደደረ ቆዳ ተሽሎት ነበር፤ ሁለት ጣቶቻቸው ግን በአናታቸው ቆስለዋል። አልተሰማቸውም፤ እኔም አላሰብሁትም። ያን ዕለት የተማርሁትን ዛሬም አልረሳም፤ ሶል ብቻውን አይታዘዝም፣ ከነጫማው ነው የሚታዘዘው።

ጫማው ውስጡ ጥልቅ መሆን አለበት፤ ከፋብሪካ የመጣበት ስስ ሶል ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ጣቶች ጣሪያ እንዳይነኩ። አባትዎ ቆመው ሲለካ ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ይቅር። የሚለካው ከቀትር በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል ነው፤ ሁለቱም እግር ይለካ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈው እግራቸውን ዙሪያውን በእርሳስ ይሣሉ፤ ቆርጠው ጫማው ውስጥ ያስገቡት። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ከታጠፈ እግራቸውም ይታጠፋል። «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለውን የሻጭ ቃል አይቀበሉ፤ የሚሰፋው በአባትዎ ቆዳ ነውና። ጫማው ክር ወይም ማሰሪያ ይኑረው። ደሴ ከጦሳ ጥግ ወደ ታች የወረደ ሰው ቁልቁለት እግርን ወደ ጫማ አፍንጫ እንዴት እንደሚገፋ ያውቃል፤ ማሰሪያው ያን ይይዛል። ሹል ጫማ፣ ኮንጎ ጫማ፣ በሁለት ጣት መካከል የሚያዝ ሸበጥ፣ የጎማ በረባሶ ለእሳቸው አይሆኑም። ያገለገለ ጫማም ብዙ ሰው በርካሽ ይገዛል፤ ውስጡ በሌላ ሰው እግር ቅርጽ ጎድጉዷልና ለደነዘዘ እግር አልመክረውም።

አባትዎ ልብስ ሰፊ መሆናቸው ያሳስበኛል፤ ስለዚህም እዚህ ላይ እቆያለሁ። የእግር መኪና የሚዘወረው በእግር ፊት፣ ልክ የደደረው ቆዳ ባለበት ቦታ ነው። ብዙ ሰፊዎች ደግሞ ሲዘውሩ ጫማ ያወልቃሉ ወይም በሸበጥ ይሠራሉ። ፔዳሉ ብረት ነው። ወለሉ ላይ መርፌና ስፒል ይወድቃል። ከሰል የሚጫርበት ካውያ አጠገባቸው ነው። እንግዲህ በጣም ጥሩ ሶል ገዝተው መንገድ ላይ ብቻ ቢያደርጉት፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆረቁራቸው ነገር ሳይነካ ቀረ ማለት ነው። ሐኪም እስኪያያቸው መኪናውን በቀኝ እግራቸው አይዘውሩ። ከዚያ በኋላ አቅም ከፈቀደ ለመኪናው የኤሌክትሪክ ሞተር ማስገጠም ከማንኛውም ሶል በላይ ይጠቅማቸዋል። ካልተቻለ ጫማቸውን አድርገው ይዘውሩ፣ ፔዳሉም ላይ ድፍን የኢቫ ንጣፍ ይለጠፍ።

ይህን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም። በኔዘርላንድ 171 ሕመምተኞች ለ18 ወራት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ነበር፤ ሁሉም ነርቫቸው የተጎዳና ከዚህ በፊት ቆስለው የዳኑ ናቸው። ለግማሾቹ ጫማቸው ጫናው እየተለካ ተሻሻለላቸው። በአጠቃላይ ሲታይ ልዩነቱ ጎልቶ አልወጣም። ከርምጃቸው 80 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ በጫማው የተራመዱትን ለይተው ሲያዩ ግን የተሻሻለለት ወገን የቆሰለው 26 በመቶ ያህሉ ሲሆን፣ ያልተሻሻለለት ወገን ደግሞ 48 በመቶ ያህሉ ነው። በዚያው ጥናት ሰዎቹ ጫማቸውን በጣም የሚተዉት ቤት ውስጥ እንደነበረ ታይቷል። የእኛ ቤት ደግሞ ጫማ በር ላይ የሚቀርበት ቤት ነው። ስለዚህ አባትዎ ለቤት ብቻ የሚሆን ንጹሕ፣ ድፍን፣ ተመሳሳይ ሶል ያለው ሁለተኛ ጫማ ያስፈልጋቸዋል። ገንዘቡ ለአንድ ጥንድ ውድ ሶል ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ መካከለኛ ሶል ያላቸው ሁለት ጥንድ ጫማዎችን እመርጣለሁ።

ወደ መስጊድም ሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ይህን ተዉ አልልም። ወፍራም ካልሲ ሳያወልቁ መግባት፣ ለእዚያ ብቻ የሚቀመጥ ንጹሕ የቤት ጫማ ማድረግ ስለመቻሉ ኢማሙን ወይም የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ የታመመ ሰው ጉዳይ ሲነገራቸው የሚሰሙ ናቸው። ለውዱእ የሚታጠቡ ከሆነ በየጊዜው በጣቶች መካከል በደረቅ ጨርቅ ይደረቅ፤ እርጥበት የሰነበተበት ጣት ይፈርጣል። በባዶ እግር ግሸን ለመውጣት የተሳሉ ከሆነ ይህን ስለት ከካህን ጋር ተነጋግረው ይለውጡት። በዚህ ላይ ለስለስ ማለት አልችልም፤ ለደነዘዘ እግር የአምባሰል ድንጋይ አይሆንም።

የት ይሠራል ለሚለው፣ ደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፤ ሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚገኙት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሐኪሙ የጻፈልዎትን ወረቀት ይዘው ሄደው «ለደነዘዘ እግር፣ በልክ የሚቀረጽ ባለ ንብርብር ሶል» ብለው ይጠይቁ፤ ፎሙ በእጃቸው መኖሩንም አስቀድመው ያረጋግጡ። ቁስል ከሌለና የእግሩ ቅርጽ ካልተበላሸ፣ የኢቫና የፎም ንጣፍ ያለው ጥንቁቅ ጫማ ሰፊም ወረቀቱ ላይ በተሣለው ልክ ቆርጦ ሁለቱን ሊያጣብቅ ይችላል። ሁለት ነገር ግን አጥብቀው ይንገሩት፦ በምንም ዓይነት ምስማር አይጠቀም፤ ጠርዙን ሞርዶ ያሳሳው።

አዲስ ሶል በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት ወይም ከሁለት ሰዓት በላይ አይደረግም። ሲወልቅ እግሩ ይታያል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላም ያልጠፋ መቅላት ካለ ሶሉ ተመልሶ ይስተካከላል፤ «ይላመዳል» ተብሎ አይተውም። ካልሲው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ይሁን፣ ደም ቢነካው እንዲታይ፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይደረግ። ጫማ ከመደረጉ በፊት ውስጡ በእጅ ይዳሰሳል፤ የአባትዎ እግር የማይነግራቸውን እጃቸው ይነግራቸዋል። ማታ ማታ መርገጫቸውን መስተዋት መሬት ላይ አስቀምጠው ይዩ፣ ወይም የልጅ ልጅ ይይላቸው፤ የልጅ ዓይን አይስትም። የላይኛው ፎም እየዋለ ሲያድር ይሞታል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ለስኳር ሕመምተኛ በዓመት ለአንድ ጥንድ ጫማ ሦስት ጥንድ ሶል የሚፈቅደው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ያን ያህል መቀየር ባንችል እንኳ በየወሩ በጣት ተጭኖ መፈተን አያቅተንም፤ የአውራ ጣቱ ሥር ጎድጉዶ የቀረ ሶል ሥራውን ጨርሷል።

ሶል እግር ያሞቃል ብለው እንዳይጠብቁም። የደሴና የአካባቢዋ ብርድ ሲከፋ እግርን ወደ ምድጃ መዘርጋት፣ ትኩስ ውኃ ውስጥ መንከር የተለመደ ነው፤ በዚህ ተቃጥለው የመጡ ሰዎችን በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ አንዳቸውም ሲቃጠሉ አላወቁም። ካልሲ ይደርቡ፣ ለመታጠቢያ የሚሆነውን ውኃ እርስዎ በክንድዎ ይለኩላቸው። እግራቸው ሁልጊዜ የሚቀዘቅዝ፣ ሲራመዱ ባታቸውን ይዟቸው ሲቆሙ የሚለቃቸው ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ያ የደም ሥር መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላልና በሶል አይነካም። ያደነዘዘው ስኳሩ ነውና መድኃኒታቸውና ክትትላቸው እንዳይቋረጥ። ሲጋራ ካለ ይቁም።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ የሁለቱንም እግር ጫማና ካልሲ ያስወልቋቸው፤ ተረኛው ቢቸኩልም «የደደረው ቆዳ ሥር ደም አለ፣ እግራቸው ደንዝዟል» ብለው በዚሁ ቃል ይናገሩ። ሲሄዱም አባትዎ የሚያደርጉትን ጫማ ሁሉ፣ ክት የሆነውን ሳይሆን በየቀኑ የሚለበሰውን፣ መኪናው ሥር የሚቀመጠውንም ሸበጥ ሳይቀር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ለሠሪውም የሚያሳዩት እሱን ነው።